«ባላባት» ማለት ምን ማለት ነው? የአንድን የማዕረግ ስም ትርጉምና ምንጭ የመመርመሪያ መንገድ

የቤተሰቡን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ፣ የቆየ የመሬት ሙግት ወረቀት የሚያገላብጥ ወይም ስለ ጎሳ መሪዎች የተጻፈን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሁሉ «ባላባት» ከሚለው ቃል ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ቃሉን ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ይሁንና ትርጉሙን ሲጠየቅ አንዱ «የመሬት ከበርቴ» ይላል፣ ሌላው «የጎሳ አለቃ» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ «የትልቅ ሰው ልጅ» ብሎ ያልፈዋል። ሦስቱም አልተሳሳቱም። ስሕተት የሚመጣው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ቃሉ በየዘመኑና በየቦታው ያንኑ ይል ነበር ብሎ ሲደመደም ነው። ከዚህ በታች ቃሉን ከመፈታታት ጀምሮ በታሪክ ውስጥ እስከ መከተል ያለውን የምርመራ መንገድ በዚሁ በ«ባላባት» ላይ እያሳየሁ አቀርባለሁ፤ መንገዱን የያዘ አንባቢ በሌላ የማዕረግ ስም ላይም ሊሞክረው ይችላል።

የመጀመሪያው ሥራ ቃሉን በወረቀት ላይ ጽፎ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። «ባላባት» ሲነበብ የመጨረሻው «ባ» ጠብቆ እንደሚነበብ ልብ ይሏል። የግእዝ ፊደል ጥብቀትና ላልነትን በጽሕፈት ስለማያሳይ ይህን የሚነግረን ጆሮ እንጂ ዐይን አይደለም። «አባት» የሚለውም ቃል እንዲሁ «ባ»ው ጠብቆ ይነበባል። ስለዚህ ቃሉን «ባለ» እና «አባት» ብለን ብንከፍለው ድምፁ ይደግፈናል። «ባለ» በ«አ» ከሚጀምር ቃል ጋር ሲገጥም የ«ለ» ግእዝ ድምፅ በሚከተለው «አ» ተውጦ «ላ» ይሆናል፤ ይህም ለዚህ ቃል ብቻ የተፈጠረ ሰበብ ሳይሆን የታወቀ የአማርኛ ጠባይ ነው። ማረጋገጫው ተመሳሳይ ቃላትን መደርደር ነው፤ ባለ አገር «ባላገር»፣ ባለ አደራ «ባላደራ» ሆነዋል፣ «ባላምባራስ» የሚለው የጦር ማዕረግም የአምባ ሹምነትን የሚያመለክት ከ«ባለ» እና ከ«አምባ» «ራስ» የተገጠመ ቃል ነው። አንድ የቃል አፈታት ትክክል መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም፦ ያው ሕግ ሌሎች ቃላትንም ያስገኛል ወይ? ለአንድ ቃል ብቻ የሚሠራ አፈታት ብዙውን ጊዜ የጨዋታ አፈታት ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ቤት ከሚደገፍበት ከ«ባላ» ተነሥቶ «ባላባት ማለት የሕዝብ ድጋፍ፣ የቤት ባላ የሆነ አባት ነው» ቢለን ንግግሩ ለሠርግ ምርቃት ያምራል፤ ሆኖም በ«ባላገር» እና በ«ባላደራ» ላይ ስንሞክረው ወዲያው ይሰበራል።

ሁለተኛው ሥራ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ መመርመር ነው። «ባለ» ከግእዙ «ባዕል» የወረደ ነው፤ ጌታ፣ ባለቤት፣ ሀብታም ማለት ሲሆን የአማርኛው «ባል»፣ የሚስት ባል የሚባለውም፣ ከዚያው የመጣ ነው። «ባዕለ ጸጋ» «ባለጸጋ» የሆነበት መንገድ ለዐይን ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሰናክል አንድ ጉድጓድ አለ፦ «በዓል» ማለትም የሚከበረው ቀን ከ«ባዕል» ጋር በጽሕፈት ስለሚቀራረብ፣ በአንዳንድ ጽሑፍም «በዓለ» እየተባለ ለሁለቱም ስለሚጻፍ፣ መዝገበ ቃላት ሲገለጥ የትኛው እንደ ተያዘ በጥንቃቄ መታየት አለበት። የቃሉ ዘመዶች ሩቅ ድረስ ይሄዳሉ። በዕብራይስጥም በዐረብኛም የባልነት ቃል ከዚሁ ሥር ነው፤ በእስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ አከራዩ «ባዓል ባይት» ሲባል ሲሰማ ራሱ በአማርኛ «ባለቤት» የሚለውን ቃል እየሰማ ነው። የከነዓናውያን ጣዖት «በኣል» ስሙ «ጌታ» ማለት የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገር ግን «ባለ» በዛሬው አማርኛ ሁለት ዐይነት ሥራ አለው፣ ልዩነቱም ለጉዳያችን ወሳኝ ነው። «ባለሱቅ» ስንል የሱቁ ጌታ ማለታችን ነው። «ባለ ጢም» ስንል ግን የጢሙ ጌታ ማለታችን ሳይሆን ጢም ያለው፣ በጢሙ የሚለይ ሰው ማለታችን ነው፤ «ባለ ሁለት ፎቅ» ቤትም እንዲሁ ነው። «ባላባት» ከየትኛው ወገን ነው? አባትን እንደ ሱቅ የሚገዛው የለምና ቃሉ ከሁለተኛው ወገን መሆን አለበት፦ አባት ያለው፣ በአባቱ የሚለይ፣ በአባቱ የሚታወቅ። እስከዚህ ድረስ ሰዋስው ይበቃናል። ከዚህ በኋላ ግን ሰዋስው ብቻውን ይቆማል፤ ምክንያቱም አባት የሌለው ሰው ስለሌለ ቃሉ እንዲሁ ቢተረጐም ሁላችንንም ባላባት ያደርገናል።

ስለዚህ ሦስተኛው ሥራ ቃሉ የሚናገረው ስለ የትኛው አባት እንደ ሆነ መጠየቅ ነው፤ እኔ የምርመራው ሁሉ ልብ የምለው ይህን ነው። ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሰው አፍ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ጎጃሜ አግኝቼ «አባባ፣ ባላባት የሚባለው ማን ነው?» አልኋቸው። «አባት ያለው ነዋ ልጄ» አሉ። «አባት የሌለውማ ማን አለ?» ብላቸው ሣቅ አሉና «አንተ የምትለው ወላጅ ነው። እኔ የምልህ፣ ይህ መሬት የማን ነው ሲባል ስሙ የሚጠራውን አባት ነው» ብለው በከዘራቸው ጫፍ መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ከመዝገበ ቃላት ያላገኘሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰጡኝ።

የእርሳቸው አባት የርስት ሥርዓቱ አባት ነው። በጎጃምና በቤጌምድር በነበረው የርስት ወግ አንድ አካባቢ መጀመሪያ አቅንቶ በያዘው ሰው ስም ይጠራል፤ ይህ ሰው «አቅኚ አባት» ወይም «ዋና አባት» ይባላል፤ መሬቱም ከእርሱ በታች ባሉት በ«ምንዝር አባት» ስም ይከፋፈላል። ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እየቈጠረ እስከዚያ አባት ድረስ ማድረስ ነበረበት። የሚያስደንቀው ነገር ቈጠራው በወንድ ብቻ የሚያልፍ አለመሆኑ ነው፦ በእናት በኩልም ቢሆን ከዋናው አባት የተወለደ ሁሉ መጠየቅ ይችል ነበር። እንግዲህ «አባት» የተባለው ሰው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሞተ፣ በሁለት ሴት አያቶች በኩል የሚደረስበት ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው «ባላባት»ን «የአባቱን ሥልጣን የወረሰ ልጅ» ብሎ ሲተረጕም ነገሩን በአንድ ትውልድ አጥሮ ያስቀረዋል። ሌላም መለየት ያለበት አለ፤ ርስት ያለው ሁሉ «ባለርስት» ነው እንጂ ባላባት አይባልም። ባላባት የሚባለው ትውልዱ ሳይቈጠር የሚታወቅለት፣ ቢናገር የሚሰማ፣ በአካባቢው ጉዳይ ላይ የአባቱ ስም ቃሉን የሚያከብድለት ሰው ነው።

አራተኛው መንገድ ቃሉን ከተቃራኒው ጋር ማቆም ነው። ለማዕረግ ስም ተቃራኒ መፈለግ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም «ሹም» የሚለውን ቃል ከ«ባላባት» አጠገብ ስናቆመው ሁለቱም ይጠራሉ። «ሹም» ከ«ሾመ» የወጣ ነው፤ በግእዝ «ሤመ»፣ የተሾመውም «ሥዩም» ይባላል። ሹም እንዲኖር ሿሚ ያስፈልጋል፤ ሿሚ ካለ ደግሞ ሻሪ አለ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለውም ለዚህ ነው። «ባላባት» ግን ግሥ የለውም። «ሾሙት» እንደምንል አንድን ሰው ባላባት የሚያደርግ ግሥ ቋንቋው አላበጀም፤ «ባላባትነት» የሚል የሁኔታ ስም ብቻ አለ። ሹምነት ከላይ የሚሰጥ፣ ባላባትነት ከኋላ የሚመጣ ነው። የአንድን የማዕረግ ስም ባሕርይ ለማወቅ «ይሾሙበታል ወይስ ይወለዱበታል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል፤ ሁለቱ የተደባለቁበት እንደ «ዋግሹም» (የዋግ ገዥ) ያለ ስም ሲገኝም፣ ማለትም ቃሉ ሹመት እያለ ሥልጣኑ ግን በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ ታሪክ የተደበቀበት ስፍራ ያ ነው።

አሁን ወደ መዝገበ ቃላት እንሂድ። ይህን ወደ ኋላ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው፤ ጥያቄውን ሳያውቅ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ያገኘውን የመጀመሪያ ፍቺ ይዞ ይዘጋዋል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛው በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። ሁለቱም የተደረደሩት በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ ነው፤ ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው ገጽ ሲገለብጥ ይውላል። ቃላቱም በሥራቸው ስለሚሰበሰቡ «ባላባት»ን ከ«ባዕል» ወገንም ከ«አብ» ወገንም መፈለግ ይገባል። በ1951 ዓ.ም. የወጣው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላት በለመድነው በ«ሀለሐመ» ተራ ስለ ሆነ ለመነሻ ይቀላል። የቃሉን ዕድሜ ለመከታተል የፈለገ ደግሞ የውጭ ሊቃውንት ያዘጋጇቸውን በቅደም ተከተል ይያዝ፦ የኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1841፣ የዳባዲ በ1881፣ የጉይዲ በ1901፣ የኬን በ1990 ታትመዋል። አንዱን ቃል በአራቱም ውስጥ አውጥቶ ፍቺዎቹን ጎን ለጎን የጻፈ ሰው የመቶ ኀምሳ ዓመት ጉዞ በአንድ ገጽ ላይ ያያል።

አምስተኛው፣ ረጅሙም ሥራ፣ ቃሉ ከተወለደበት ሲወጣ ምን እንደ ደረሰበት መከተል ነው። «ባላባት» ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ወደ ደቡብ ሲሰፋ፣ አብሮ ወረደ። በዚያ የነበሩት ሕዝቦች የራሳቸው መሪዎች፣ መሪዎቹም የራሳቸው የማዕረግ ስም ነበሯቸው፦ በወላይታና በጋሞ «ካዎ»፣ በከፋ «ታቶ»፣ በኮንሶ «ፖቃላ»። የማእከላዊው መንግሥት ሰዎች ግን በአገሩ ተወላጅነቱ የሚታወቀውን፣ ለመንግሥት ያደረውንና በሕዝቡና በሹማምንቱ መካከል የቆመውን መሪ ሁሉ «ባላባት» በሚል አንድ ስም ጠሩት፤ በኦሮሞ አካባቢዎችም «ቆሮ» የሚባለው የዚሁ ዐይነት ሰው ነበረ። መሬት በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ ሲለካ በደንቡ ሲሶው ለባላባቱ ይተውና ሁለቱ እጅ ለመንግሥት ይሆናል፤ «ሲሶ» የሚለው ቃል በቆዩ ሰነዶች ውስጥ ከ«ባላባት» ጋር ተያይዞ የሚገኘውም ለዚህ ነው። አንባቢ እንዲህ ያለ ሰነድ እጁ ከገባ «ሲሶ» የሚለውን ቃል እንደ ምልክት ይያዘው፦ «ባላባት» ከ«ሲሶ» ጋር ከተገኘ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ዘር ክብር ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራ ነው። ባላባቱ ግብር ያስገባል፣ ጠብ ያበርዳል፣ ትእዛዝ ያደርሳል።

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱን ተቃወመ ማለት ይቻላል። በትውልድ ብቻ የሚገኝ የነበረው ባላባትነት መንግሥት የሚያውቀውና የሚያጸድቀው፣ ባላባቱ ከመንግሥት ጋር ቢጣላ የሚነጠቀው ነገር ሆነ፤ በሌላ አነጋገር ባላባቱ ሹም ሆነ። ቀደም ሲል ያየነው የ«ይሾሙበታል ወይስ ይወለዱበታል» ጥያቄ በሰሜንና በደቡብ ሁለት የተለያየ መልስ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድን ጽሑፍ ስናነብም ቦታውንና ዘመኑን ሳንለይ «ባላባት»ን መተርጐም የማንችለው ለዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ አጭር ቢሆንም ሹል ነው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ ባላባት ከጭሰኛ በተቃራኒ የቆመ ስም ሆኖ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ቃሉ የሚያመለክተው ሀብት ተወሰደ። ስሙ ግን ቀረ፤ በፖለቲካው ቋንቋ «ፊውዳል» ለሚለው የባዕድ ቃል መተርጐሚያ፣ በብዙ አፍም ስድብ ሆነ። በ«መሬት ከበርቴ» ትርጉም ብቻ የሚያውቀው አንባቢ ቃሉን የተማረው ከዚህ ዘመን ነው። ማዕረግ እንዲህ መገለባበጡ ለአማርኛ አዲስ አይደለም። በጥንት ዜና መዋዕል የንጉሥ ወታደር ማለት የነበረው «ጨዋ» ዛሬ ሥርዓት ያለው ሰው ማለት ሆኗል፤ በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ደግሞ ያልተማረ ማለት ነው። ለነገሥታት ዘር ብቻ ይሰጥ የነበረውን «ወይዘሮ»ም ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ትጠራበታለች።

የመጨረሻው ሥራ ቃሉን ከጎረቤት ቋንቋዎች የመሪ ስሞች ጋር ማስተያየት ነው፤ ይህ ግን የሚያስተምረውን ያህል የሚያሳስትም ነው። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ «አባ ገዳ»ን ሲሰማ የመነኵሴውን «አባ» ያስባል፣ ወይም «የገዳ አባት» ብሎ ይተረጕመዋል። በኦሮምኛ «አባ» አባት ከመሆኑም በላይ ባለቤት ማለት ነው፤ «አባ መና» የቤት ባለቤት ወይም ባል፣ «አባ ለፋ» የመሬት ባለቤት ነው። ስለዚህ «አባ ገዳ» በአማርኛ አስተሳሰብ ለ«ባለ ገዳ» ይቀርባል፦ ሥልጣኑ በየስምንት ዓመቱ የሚተላለፈውን ሥርዓት በተራው የያዘ ሰው ማለት ነው። በትውልድ የሚገኝ ስም አይደለምና «ባላባት» ብሎ መተርጐም ነገሩን ጨርሶ ይገለብጠዋል። ለዚህ አረዳድ ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ የፈረስ ስሞቻችን ውስጥ አለ። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ሲባሉ የፈረሱ አባት ማለት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ የፈረሱ ጌታ ማለት ነው። የጅማው «አባ ጅፋር»ም እንዲሁ የፈረስ ስም ነው። እንግዲህ በ«ባላባት» ውስጥ አማርኛ በሁለት ቃል የተናገረውን፣ ባለቤትነትንና አባትነትን፣ ኦሮምኛ በአንድ «አባ» ይዞታል።

ከዐረብኛ የመጡት በሌላ በር ይገባሉ። «ሼክ» ከመነሻው ሽማግሌ፣ በዕድሜ የገፋ ማለት ነው፤ የእኛው «ሸመገለ» ማርጀትንም ማስታረቅንም እንደሚል ሁሉ እርሱም ከዕድሜ ወደ መሪነት አድጓል። «ሱልጣን» ደግሞ ከግእዙ «ሥልጣን» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የአፋሩን የአውሳ ሱልጣንና የቀበሌውን ባለሥልጣን የሚያገናኝ ሥር አለ ማለት ነው። ስለ «ገራድ» ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሐዲያ ገዥ፣ የንግሥት እሌኒ አባት፣ በዚህ ማዕረግ ይጠራ ነበር፤ ማዕረጉ በሶማሌዎች ዘንድ ዛሬም አለ። በሶማልኛ «ገራድ» አእምሮ፣ ማስተዋል ማለትም ነው። ሁለቱን አጣብቆ «መሪ ማለት አስተዋይ ማለት ነው» ማለት ይጥማል፤ ሆኖም ሁለት ቃላት በድምፅ አንድ ሆኑ ማለት አንዱ ከሌላው ወጣ ማለት አይደለም፣ ወጣ ቢባል እንኳ የትኛው ከየትኛው እንደ ቀደመ ድምፁ አይናገርም። ከላይ በ«ባላ» ላይ የሠራንበት ፈተና እዚህም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ውጤቱ በጽሑፍ ላይ መታየት አለበት። የሚተረጕም ሰው የሌላ ሕዝብ መሪ ሲገጥመው ሕዝቡ ራሱ የሚጠራበትን ስም በመጀመሪያ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ሐረግ ያብራራው፣ «ባላባት» ብሎ አይጠቅልለው። የቤተሰብ ታሪክ የሚጽፍ ደግሞ «ቅድመ አያቴ ባላባት ነበሩ» ብሎ አይለፍ። የት? በማን ዘመን? ሲሶ ነበራቸው ወይስ የሚከበሩት በአባታቸው ስም ብቻ ነበር? ያ አባትስ ማን ይባላል፣ የሚቈጠረው በእናት ነው በአባት? መልሱ ሲገኝ ዐረፍተ ነገሩ ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦ «ቅድመ አያቴ በአካባቢው ባላባት ይባሉ ነበር፤ የመንግሥት ሹመት አልነበራቸውም፣ ሲሶም አልበሉም፤ በእናታቸው በኩል ግን ስድስተኛው አባታቸው አገሩን ያቀናው ሰው ነው፣ ቀበሌውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።»